ንግሥት እሌኒ፦ ቃላቸውን መዝነው የተናገሩ እናት



ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንጓዝ ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደ ወይን ስንደርስ ወደ መርጡለ ማርያም የሚገነጠል መንገድ እናገኛለን። ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ ለንግሥም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም ተመላልሰናል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የቆመውን የጥንት ግንብ፣ በድንጋዩ ላይ የተጠረበውን አበባና ሐረግም አይተናል። ይህ ቦታ ከአንዲት ሴት ስም ጋር ተያይዞ አምስት መቶ ዓመት እንደቆየ ግን ስንቶቻችን እናስባለን? እኒያ ሴት ንግሥት እሌኒ ናቸው።

በዚህ እትም ስለ አንደበት አጠቃቀም እንድንጽፍ ሲታሰብ እርሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በማኅበር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ማኅበር የሚፈርሰው ገንዘብ ሲጎድል ብቻ አይደለም። የጎደለ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ይታያል፤ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ በሁለት ወርም በሦስት ወርም ይሞላል። በስብሰባ መካከል በአንዲት እናት ላይ የተወረወረ ቃል ግን በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ያቺ እናት በሚቀጥለው ወር ትቀራለች፤ ከዚያ ቁጠባዋን አውጥታ ደብተሯን ትመልሳለች። እኛም በቃለ ጉባኤያችን ላይ አቅም አነሳት ብለን እንጽፋለን። የሄደችበትን ትክክለኛ ምክንያት የሚያውቀው ልቧ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትም አንደበት ትንሽ እሳት ሆና ትልቅ ጫካ እንደምታቃጥል፣ የለዘበ መልስም ቁጣን እንደሚያበርድ ሲያስተምሩን ኖረዋል። ትምህርቱን ሁላችን ሰምተነዋል። በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ የሰው ሕይወት ያስፈልጋል።

(በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የሐድያው ገራድ ልጅ

እሌኒ የተወለዱት በዛሬዋ ኢትዮጵያ ደቡብ፣ በሐድያ ነው። አባታቸው የሐድያ ገራድ፣ ማለትም የአገሩ ገዥ ነበሩ፤ ቤተሰባቸውም ሙስሊም ነበር። ሐድያ በዚያ ዘመን ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይገብር ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ያምፅ ነበር። በሁለቱ መካከል ሰላምን ለማጽናት ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ ጋብቻ ነበር። እሌኒም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ወደ ነገሡት ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤት የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። ክርስትናን ተቀበሉ፤ ከንጉሡ ሚስቶችም አንዷ ሆኑ። የሚጠሩበት ስም የጌታን መስቀል ያስወጣችው የቅድስት እሌኒ ስም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ይህች ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ቋንቋው ሌላ፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ወጉ ሌላ ወደ ሆነ ቤት ነው የገባችው። ከመካከላችን ከሩቅ አገር አግብታ የመጣች ብትኖር ይህን ትረዳዋለች። ከእናቱ ያልተማረውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ቃሉን ሳይመዝን አያወጣም፤ የቱ ቃል ለታላቅ፣ የቱ ለታናሽ እንደሚሆን፣ የቱ ቀልድ፣ የቱ ስድብ እንደሆነ አንድ በአንድ ይማራል። እኛ በአፍ መፍቻችን ስለምንናገር ሚዛኑን እንረሳዋለን። እሌኒ ሊረሱት የሚችሉ አልነበሩም። በኋላ ግዕዙን አውቀው፣ መጻሕፍቱን አንብበው፣ ሕጉን ለይተው በአገሪቱ ካሉት አዋቂዎች እንደ አንዱ ሲቆጠሩ እናገኛቸዋለን።

ቃል ሰው የሚገድልበት ቤት

የገቡበት ቤት ቀላል ቤት አልነበረም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለቤተ ክርስቲያን ብዙ የሠሩ፣ በስማቸው የሚጠሩ ብዙ የሃይማኖት ድርሰቶች ያሉ ንጉሥ ናቸው። ጣዖት ማምለክን ከአገራቸው ለማጥፋት ቆርጠው ተነሥተው ነበር። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲይዝ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። ሐሳቡ የሃይማኖት ቅንዓት ነበር። ነገር ግን በዚህ ቅንዓት መካከል ክፉ ሰዎች መንገድ አገኙ። ጠላቱን ማጥፋት የፈለገ ሰው እገሌ ለጣዖት ሰግዷል ብሎ መናገር ብቻ ይበቃው ነበር። የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ በዚህ ዓይነት ክስ ተቀጥተዋል፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ከሳሾቹ በሐሰት እንደተናገሩ፣ በመጨረሻም እነርሱ ራሳቸው በንጉሡ እጅ እንደተቀጡ ይመሰክራል።

ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ ጽዮን ሞገሳ ይባሉ ነበር። ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አሲረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ተገረፉ፤ በዚያው ሞቱ።

እሌኒ በዚህ ቤት ውስጥ ኖሩ። በዚያ ዘመን ከሌሎቹ ይልቅ ለሐሜት የሚመቹ እርሳቸው እንደነበሩ ማሰብ አያስቸግርም። ከሌላ ሃይማኖት የመጡ ነበሩ፤ የንጉሡን ልጅ አልወለዱም፤ ወገናቸውም ሩቅ ነበር። ይሁንና ዜና መዋዕሉ ስማቸውን ከከሳሾቹ ጋር አያነሣም። በእነዚያ ዓመታት ምን እንደተናገሩ የተጻፈ የለም፤ ያልተጻፈውን ልንጨምር አንፈልግም። የምናውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሁሉ በሚካሰስበት ቤት ኖረው፣ ያ ቤት ሲያልፍ የሚከበሩ ሰው ሆነው ወጡ። አንዳንድ ጊዜ የደግ አንደበት ትልቁ ሥራ ያልተናገረው ነው።

እናት የተባሉበት ቀን

በ1460 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዐርፈው በእደ ማርያም ሲነግሡ ወጣቱ ንጉሥ እናት አልነበራቸውም። ሲነግሡ በአባታቸው ዘመን ለታሰሩት ምሕረት አደረጉ። ከዚያም እሌኒን እንደ እናታቸው ቆጥረው በንግሥትነት ማዕርግ አከበሩ። በእንጀራ እናትና በእንጀራ ልጅ መካከል ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ የልጁ እናት በአባቱ ቤት በክስ የሞተችበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አንዲትን የአባቱን ሚስት እናቴ ብሎ ከጠራ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ከእርሷ የሰማው ቃል መልካም ቢሆን ነው ብለን እናምናለን።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ እሌኒ ሲናገር ሙያቸውን ይዘረዝራል። በእግዚአብሔር ፊት በጽድቅ ሥራ፣ በጽኑ እምነት፣ በጸሎትና ሥጋ ወደሙን በመቀበል የተመሰገኑ እንደነበሩ ይገልጻል። በዓለሙ ሥራ ደግሞ የንጉሡን ማዕድ በማሰናዳት፣ መጻሕፍትን በማወቅ፣ በሕግ ዕውቀትና የመንግሥትን ነገር በማስተዋል የተካኑ እንደነበሩ ያክላል። የወጡ ሙያና የሕጉ ዕውቀት በአንድ መስመር ጎን ለጎን መጻፋቸው ደስ አሰኝቶናል። ከእኛም መካከል ጠዋት ጠላ ጠምቃ፣ ከሰዓት የማኅበር ስብሰባ የምትመራ አለች። ሁለቱም ልክ ይፈልጋሉ። ጌሾው ከበዛ ጠላው ይመርራል፤ ቃሉም ከበዛ ስብሰባው ይመርራል።

እሌኒ ቃላቸውን ለሰው ብቻ አላዋሉትም። ወደ ፖርቱጋል የሄዱት ኢትዮጵያዊው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ያወጉትን ሰምቶ የጻፈ አንድ የፖርቱጋል ሊቅ፣ ንግሥቲቱ ሁለት የግዕዝ መጻሕፍት እንደደረሱ ዘግቧል፤ ስማቸውንም እንዚራ ስብሐትና ጸዳለ ፀሐይ ይላቸዋል። በሙስሊም ቤት ተወልዳ፣ ግዕዝን ኋላ የተማረች ሴት በግዕዝ የምስጋና ድርሰት ለመድረስ ስንት ሌሊት መብራት አብርታ እንደምትቀመጥ ገምቱ። የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ተማሪዎች ያየን የአካባቢያችን ሰዎች አንድ ቃል በቦታው እስኪቀመጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣና እንደሚጣል እናውቃለን። በጸሎት ጊዜ ቃል መምረጥ የለመደ ሰው በሰው ፊትም ሲናገር ልማዱ አይለየውም።

በሕፃናት ነገሥታት ዘመን

በእደ ማርያም በ1470 ዓ.ም. ሞቱ። ልጃቸው እስክንድር ሕፃን ሳሉ ነገሡ፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በ1486 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ዓምደ ጽዮን ስድስት ወር ያህል ነግሠው ሞቱ። መኳንንቱ ተከፋፍለው ተዋጉ፤ ከዚያም ናዖድ ነገሡ። በ1500 ዓ.ም. ናዖድ ሲሞቱ ልጃቸው ልብነ ድንግል የዐሥራ አንድ ወይም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያን ጊዜ አገሪቱን ከሞግዚቶቹ ጋር እንዲመሩ የተመረጡት እሌኒ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጸጉራቸው ሸብቷል። ባለቤታቸው ከነገሡ ወዲህ አምስት ነገሥታት አይተዋል።

የጎጃም ግብር በዚያ ዘመን የእርሳቸው ነበር። ስለዚህ የእኛ ቅድመ አያቶች ማሩንም፣ እህሉንም፣ ከብቱንም ያስገቡት ለዚህች ንግሥት ነው። በእነብሴ ምድርም ትልቁን የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የአካባቢው ትውፊት የቦታውን መሠረት ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይወስደዋል። መርጡል ማለት አዳራሽ ማለት ነው፤ የማርያም አዳራሽ ማለት ነው።

ሥልጣን የያዙበት ጊዜ የጭንቅ ጊዜ ነበር። የአዳሉ መሐፉዝ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሕዝቡ በጾም በደከመበት ሰዓት እየዘመተ ያጠፋ ነበር። በቤተ መንግሥት ውስጥ ጦር ይዘን እንውጣ የሚሉ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት እሌኒ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ሰላምና ንግድ እንዲጸና ይሹ ነበር። እነዚያ ሰዎች የአባታቸው ቤት ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ሲናገሩ ዘመዶቻቸውን ጠቅልሎ የሚሰድብ ቃል ሊያወጡ አይችሉም። ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በሞጣም በቢቸናም ሙስሊም ጎረቤት አለን፤ በገበያ እንገናኛለን፤ በለቅሶ አብረን እናለቅሳለን። አንድ ሰው ስላደረገው ነገር ሃይማኖቱን ሁሉ የሚጠቀልል ቃል ከእኛ ቤት ቢወጣ ልጆቻችን ይዘውት ወደ መንገድ ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም።

ባሕር ተሻግሮ የሄደ ቃል

እሌኒ ሰላምን ቢወዱም የሚመጣውን አደጋ አላቃለሉም። በባሕሩ በኩል ትልልቅ ኃይሎች እየመጡ መሆናቸውን አዩ። ስለዚህ በ1502 ዓ.ም. ገደማ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ጻፉ። ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴም መልእክተኛቸው ሆነ። መንገዱ ሁሉ በጠላት እጅ ስለነበር በንግድ ስም ሊያልፍ የሚችል ሰው መምረጣቸው ነው። ከደብዳቤው ጋር ከጌታ መስቀል ዕንጨት የተሠራ ትንሽ መስቀል ላኩ።

የደብዳቤው ቃል በፖርቱጋል ቋንቋ ተተርጉሞ ቆይቷል። እንደ ማኅበር ሰዎች ብናየው ብዙ ያስተምረናል። እሌኒ ንጉሡን በክርስቶስ ወንድማቸው አድርገው ጠሩ፤ ሰላምታቸውን በሥላሴ ስም ጀመሩ። ቀጥሎ ያላቸውን ተናገሩ፦ ብዙ ሠራዊት እንዳላቸው፣ ስንቅም እንደማይቸግራቸው ገለጹ። ከዚያም የጎደላቸውን ሳይሸሽጉ ተናገሩ፦ እኛ በየብስ እንበረታለን፤ መርከብ ግን የለንም፤ የባሕሩ ኃይል በእናንተ እጅ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፉ። በመጨረሻም የሁለቱ ቤት ልጆች ቢጋቡ የሚል የዝምድና ሐሳብ አቀረቡ።

ልብ በሉ፤ ያለንን ብቻ ብንናገር ትዕቢት ይሆናል። የጎደለንን ብቻ ብንናገር ልመና ይሆናል። እሌኒ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀመጡ። ብድር ለመጠየቅ ወደ ማኅበራችን የምትመጣ እህት ብዙ ጊዜ ወይ ችግሯን ብቻ ትዘረዝራለች፣ ወይ አፍራ ዝም ትላለች። ያላትን ዶሮ፣ የምትችለውን ሙያ፣ የምትከፍልበትን ቀን ከጎደላት ጋር አብራ ብትናገር ከእኛ ጋር የምትነጋገረው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። እኛም ስንመልስላት ያላትን አስቀድመን ብንጠራላት ያው ነው።

የማቴዎስ መንገድ ረጅም ሆነ። በ1505 ዓ.ም. ሕንድ አገር ጎዋ ደረሰ። አንዳንድ ፖርቱጋሎች ሰላይ ነው፣ አስመሳይ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ በመርከብ ላይም በደሉት። በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ሲደርስ ግን ንጉሥ ማኑኤል በክብር ተቀበለው። ከዚያ በኋላም የመልሱ መልእክተኞች ኢትዮጵያ ለመድረስ ዓመታት ፈጀባቸው። ሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመሩት የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1512 ዓ.ም. ነው። ማቴዎስም አብሯቸው ነበር፤ ነገር ግን የላኩትን ንግሥት ሳያይ፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ታሞ ሞተ።

የወጣቱ ንጉሥ ፊት

ይህ ሁሉ ሲሆን ልብነ ድንግል አድገዋል። በ1508 ዓ.ም. አካባቢ መሐፉዝን ድል አድርገው ገድለዋል፤ የሚያስፈራቸው ጠላት የቀረ አልመሰላቸውም። አያታቸው እጅግ አርጅተዋል፤ ነገሩም በንጉሡ እጅ ገብቷል። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ንጉሡ እንግዶቹን ወዲያው አላነጋገሯቸውም፤ ብዙ ቀን አስጠበቋቸው፤ ስለ ስጦታው ማነስም ጠየቋቸው። እንግዶቹም በመካከላቸው ይጣሉ ነበር። በዚህ ሁኔታ መልእክተኞቹ ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ ቆይተው በ1518 ዓ.ም. ተመለሱ። እሌኒ በብዙ ጥንቃቄ የጀመሩት ወዳጅነት በቀዝቃዛ ቃልና በትዝብት መካከል ዘገየ።

ሦስት ዓመት አላለፈም። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ኢማም አሕመድ የልብነ ድንግልን ጦር ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ የነበረው መከራ በየደብሩ ታሪክ ውስጥ አለ። ልብነ ድንግል ከተራራ ወደ ተራራ ሲሸሹ ኖረው በ1532 ዓ.ም. ዐረፉ። የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ጦርነት ጠፋ። በ1533 ዓ.ም. አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ፤ በ1535 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ ከእነርሱ ጋር ሆነው በወይና ደጋ ድል አደረጉ። ያ ርዳታ የመጣበት መንገድ መጀመሪያ የተከፈተው እሌኒ በጻፉት ደብዳቤ ነው። ቃሉ ከተላከ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የላኩትም ከሞቱ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው።

መልካም ቃል ወዲያው ፍሬ ካላፈራ ብለን የምንተወው ጊዜ አለ። ለጎረቤታችን ልጅ የመከርነውን፣ ለአኮረፈች እህት የላክነውን ሰላምታ መልስ ካላገኘን ሁለተኛ አልልክም እንላለን። እሌኒ መልሱን በሚገባ ሳያዩት ሞቱ። ቃሉ ግን ሳይጠፋ ቆይቶ፣ በተፈለገበት ሰዓት ደረሰ።

ስታርፉ ማን ያለቅሳል?

ንግሥት እሌኒ ያረፉት በ1514 ዓ.ም. ገደማ ነው። አልቫሬዝ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ነበር። ለቅሶው ታላቅ እንደነበረ፣ ሰዎቹም ትልቁም ትንሹም ጠባቂያችን ሞተች፣ እርሷ ስትሞት እኛም ሞትን በሚል ስሜት ያዝኑ እንደነበር ጽፏል። ይህን የጻፈው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ንግሥቲቱን ለማሞገስ ደመወዝ አይከፈለውም። በጎጃም ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያንም ሲያወራ የመሠዊያው ድንጋይ ጥሩ ወርቅ እንደነበረ ይናገራል።

ያ ወርቅ ዛሬ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ከጠፋ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በኢየሱሳውያን መነኮሳት ጊዜ እንደገና ተገንብቶ ነበር፤ አሁን የምናየው ፍራሽ ከዚያ ሥራ የተረፈ ነው። ወርቁ ሄዷል፤ ግንቡም ፈርሷል። ሰዎቹ ያለቀሱላቸው ደግነት ግን ተጽፎ ቆየ። ስንሞት የሚያለቅስልን ሰው ያጎረስነውን ብቻ አያነሣም፤ ክፉ ቀን ላይ ምን እንዳልነውም ያነሣል።

በማኅበራችን ውስጥ

እህቶች፣ ንግሥት እሌኒ ታላቅ ሥልጣን የነበራቸው ሴት ናቸው፤ እኛ ደግሞ በወር ጥቂት ብር እየቆጠብን የምንረዳዳ ሴቶች ነን። ይሁንና እርሳቸው የነበሩበት ፈተና እኛም ደጅ ይመጣል። ሰው በሐሰት ሲከሰስ በነገሩ ላይ እንጨምራለን ወይስ ዝም እናስብላለን? ከሌላ ሃይማኖት የሆነውን ጎረቤት በምን ስም እንጠራዋለን? የጎደለባትን እህት በምን ቃል እናነጋግራለን?

በተለይ ሦስተኛው የየወሩ ጥያቄያችን ነው። የማኅበር ሒሳብ መዘጋት አለበት፤ ውዝፍ ያለባት መክፈል አለባት፤ ይህን በፍቅር ስም ማለባበስ ሌሎቹን አባላት መበደል ነው። ስለዚህ እውነቱ ይነገር። ነገር ግን ውዝፍ ያለባቸውን ስም በሙሉ ስብሰባ ፊት መጥራት ልማድ የሆነባቸው ማኅበራት አሉ። ስሟ የተጠራባት እናት ከጎረቤቷ፣ አንዳንዴም ከአማቷ ፊት ነው የተጠራችው። ከዚያ ቀን በኋላ ዕዳዋን ብትከፍልም ወንበሯ ላይ ላትመለስ ትችላለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንዲያዝልን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዥዋ የውዝፉን ጠቅላላ ድምር ብቻ ታንብብ፤ ስም አይጠራ። ባለ ዕዳዋን በግል የምታነጋግር አንዲት እናት ትመረጥ። የምትመረጠውም አፏ የሚታመን፣ የሰማችውን ለሌላ የማታወራ፣ ከባለ ዕዳዋ ጋር ቂም የሌላት ትሁን። እሌኒ መልእክተኛቸውን መርጠው እንደላኩ እኛም እንምረጥ። የተላከችው እናት መጀመሪያ ስለ ቤቷ፣ ስለ ልጆቿ ትጠይቅ፤ ባለፈው ዓመት በጊዜው የከፈለችውን ታስታውሳት፤ ከዚያ የቀረውን ገንዘብ በቁጥር፣ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ትንገራት፤ መቼና በስንት ጊዜ ልትከፍል እንደምትችልም ከእርሷ ከራሷ ትስማ። የተስማሙበት በጽሑፍ ይቀመጥ።

ይህን ሐሳብ የማትቀበል እህት ካለች እርሷም ትናገር፤ ምክንያቷን እንስማ። ስትናገርም አናቋርጣት።

እግዚአብሔር ለአንደበታችን ጠባቂ ያድርግልን። የሳምንት ሰው ይበለን።